ዋስትና ያለው ላፕቶፕ ሲፈታ፦ ካቻቢቴው የሚያጠፋውና የማያጠፋው

እንደሚታወቀው በዩኒቨርሲቲዎቻችንና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ላፕቶፕ ኮምፒውተር የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የላቦራቶሪ ሪፖርቱም፣ የፕሮግራም ልምምዱም የሚሠራው በእርሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ወላጅ ለወራት ባጠራቀመው ገንዘብ ነው፤ ካልሆነም ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ለመንገደኛ አስይዞ ይልከዋል። ይህ ዕቃ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አልበራም ያለ እንደሆነ ተማሪው የሚሮጠው በቅርብ ወዳለው ጠጋኝ ነው። ዋስትናው፣ በተለምዶ «ዋራንቲ» የምንለው፣ ገና ጊዜው አላለፈ ይሆናል። ታዲያ ጠጋኙ ብሎኖቹን ከፈታ በኋላ ያ ዋስትና ምን ይሆናል? አንዱ «በቃ ጠፋ» ይላል፤ ሌላው «ማን ያውቅብሃል» ይላል። ሁለቱም መልሶች የነገሩን ሥር አይነኩም። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በዋናነት ከፊዚክስ አንጻር ለመዳሰስ እንሞክራለን። የምንከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ዋስትናን የሚያፈርሰው ከሁሉ በላይ ዕቃው ከተነካካ በኋላ የብልሽቱን መንስኤ ለይቶ ማወቅ አለመቻሉ ነው።

ዋስትና ስሌት ነው

አምራች ኩባንያ የአንድ ዓመት ዋስትና ሲሰጥ ቸርነት እያደረገ አይደለም፤ አስቀድሞ አስልቶታል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የብልሽት መጠን ከዕድሜያቸው ጋር ተያይዞ በግራፍ ሲነደፍ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ቅርጽ ያለው ኩርባ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ከፋብሪካው ጉድለት ይዘው የወጡት ስለሚበላሹ ኩርባው ከፍ ብሎ ይጀምርና ይወርዳል። ከዚያም ለጥቂት ዓመታት ዝቅ ብሎ ይጓዛል። በመጨረሻ ዕቃው ሲያረጅ እንደገና ይወጣል።

በመካከለኛው ዘመን ብልሽት በአጋጣሚ የሚከሰት ስለሆነ ሒሳቡ የራዲዮአክቲቭ አቶሞችን መበስበስ ሕግ ይመስላል። በየዓመቱ ከቀሩት ላይ የተወሰነ መቶኛ ይቀነሳል። ለስሌት እንዲመቸን በዓመት ከመቶ 5 የሚበላሽ ዕቃ ብንወስድ ከ1,000 ላፕቶፖች መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ 950፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ 857 ያህሉ ሳይበላሹ ይገኛሉ። የትኛው እንደሚበላሽ ማንም አያውቅም፤ ስንቱ እንደሚበላሽ ግን ይታወቃል። የጥገናው ወጪ በመሸጫው ዋጋ ላይ ተደምሮ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ዋስትናውን ሳይጠቀምበት የሚያጠፋ ሰው አስቀድሞ የከፈለበትን ነገር ይጥላል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ዕቃዎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ያለፉ እንደሆነ ነው። ማን እንደሆነ ባልታወቀ እጅ የተፈታ ላፕቶፕ ከዚያ ስብስብ ይወጣል። አምራቾች በዋስትና ወረቀቱ ላይ «ፈቃድ በሌለው ሰው ከተጠገነ አይመለከተንም» የሚል አንቀጽ የሚያስገቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ገበያ ነው፤ የጥገናውን ገቢ ለራስ ማስቀረት። ሁለቱን ምክንያቶች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሕግ አውጪዎችም በተለያዩ አገሮች የሞከሩት ይህንኑ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው፦ ማን ያስረዳ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ «ዋስትናህ የሚጸናው በእኔ ዕቃና በእኔ ጠጋኝ ብቻ ከተጠቀምህ ነው» እንዳይል ይከለክላል፤ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ ካላቀረበ በቀር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለ6 ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ፤ ላፕቶፕ አምራቹ አሱስም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ደብዳቤው ካነሣቸው ነገሮች መካከል «ይህ ከተቀደደ ዋስትናው ይፈርሳል» የሚሉት፣ በብሎን ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ወረቀቶች ይገኙበታል። እንግዲህ በዚያ አገር ወረቀቷ መቀደዷ ብቻውን ዋስትና አያፈርስም። ነገር ግን ያው ሕግ ጠጋኙ ራሱ ያደረሰውን ጉዳት አምራቹ እንዲሸፍን አያስገድድም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሻጩ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለት ከመጀመሪያውም እንደነበረ ይገመታል፤ አይደለም የሚለው ሻጭ ማስረዳት አለበት።

በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝ፣ ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። አሥራ አምስት ቀን አጭር ጊዜ ነው። ሆኖም ከላይ ያየነው ገንዳ መሳይ ኩርባ ከፍ ብሎ የሚጀምረው በዚያው ሰሞን መሆኑን ልብ ይሏል። አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ካርቶኑን ሳይከፍት «ትምህርት ሲጀመር እጠቀምበታለሁ» ብሎ የሚያስቀምጥ ተማሪ ይህን ዕድል ሳያውቀው ያሳልፈዋል።

እነዚህ ሁሉ ሕጎች የሚሽከረከሩት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ጉዳቱን ያደረሰው ማን ነው? አሁን የፊዚክስ ጉዳይ ላይ ደረስን ማለት ነው። አንዳንድ ጥገና ዱካው በግልጽ ይታያል፤ ሌላው ምንም ዱካ አይተውም፤ ሦስተኛው ደግሞ ቀድሞ የነበረውን ዱካ ያጠፋል።

በጣት ላይ ያለ 3,000 ቮልት

በበጋ፣ በተለይ አየሩ በሚደርቅባቸው የጥቅምትና የኅዳር ምሽቶች፣ ሹራብ ስናወልቅ ጠጠጠ የሚል ድምፅ እንሰማለን። ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ሰው በጣቱ የብልጭታዋን ንዝረት የሚሰማው በሰውነቱና በሚነካው ነገር መካከል ያለው ልዩነት ወደ 3,000 ቮልት ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ጨርሶ አናውቀውም። በላፕቶፕ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ክፍሎች መካከል ግን ከ100 ቮልት በታች በሆነ ብልጭታ የሚጎዱ አሉ። ጠጋኙ ምንም ሳይሰማው ሊገድላቸው ይችላል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ደካማ ሆኑ? በትራንዚስተር ውስጥ ያለው የሲሊኮን ኦክሳይድ ሽፋን እስከ ጥቂት ናኖሜትር ድረስ ይሳሳል። ይህ ቁስ በአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮን ቮልት ያህል የሚደርስ የኤሌክትሪክ መስክ ችሎ ከዚያ በላይ ይበሳል። አንድ ቢሊዮን ቮልት እጅግ ብዙ ይመስላል። ሽፋኑ 2 ናኖሜትር ከሆነ ግን ስሌቱ 2 ቮልት ብቻ ይሰጠናል! እርግጥ ነው፣ የቺፕ አምራቾች በእያንዳንዱ እግር ላይ መከላከያ ያደርጋሉ፤ መከላከያውም ገደብ አለው። በምርመራ ላቦራቶሪዎች የሰው ሰውነት 100 ፒኮፋራድ አቅም ያለው ካፓሲተር ከ1,500 ኦም ጋር እንደተያያዘ ተደርጎ ይወሰዳል። በ3,000 ቮልት የሚያስተላልፈው ከፍተኛ ጅረት 2 አምፔር ነው፤ የሚቆየውም ከሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ነው። ጉልበቱ ከግማሽ ሚሊጁል ያነሰ ቢሆንም የሚያርፍበት ቦታ በጣም ትንሽ በመሆኑ ያቀልጠዋል።

ከዋስትና አንጻር አስቸጋሪው ነገር እንዲህ ያለው ጉዳት ወዲያው ላይታይ መቻሉ ነው። የተዳከመው ክፍል ለሳምንታት ሠርቶ አንድ ቀን ይቆማል። ባለንብረቱ «ከፋብሪካ ጉድለት ነው» ይላል፤ አምራቹ «ፈትታችሁታል» ይላል። የሚዳኛቸው ዱካ የለም። መከላከያው ደግሞ ርካሽ ነው፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰርና በአንድ ሚሊዮን ኦም ተከላካይ በኩል ከመሬት ሽቦ ጋር የሚገናኝ አምባር ብቻ ነው። ተከላካዩ የተጨመረው ጠጋኙ ድንገት ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ቢነካካ ሕይወቱን እንዲያተርፍ ነው። አንድ ጠጋኝ ሥራውን ያውቅ እንደሆነ ለመገመት ሱቁን ሳይሆን አንጓውን ማየት ይበጃል።

የአየር ክፍተትና የፓስታው ነገር

ላፕቶፕ ከሚበላሽባቸውና በየሱቁ ከሚፈታባቸው ምክንያቶች አንዱ መጋል ነው። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በላዩ ላይ ለተጫነው የመዳብ ክፍል ነው። ሁለቱ ገጽታዎች ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም በመካከላቸው የአየር ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን ለመሙላት ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ይቀባል። የፓስታው ጥቅም ምን ያህል ነው? 25 ዋት የሚያመነጭ፣ አንድ ተኩል ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቺፕ እንውሰድ። ክፍተቱ 50 ማይክሮሜትር ይሁን፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። በክፍተቱ ውስጥ አየር ብቻ ካለ ያንን ሙቀት ለማሳለፍ በሁለቱ ገጽታዎች መካከል ከ330 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ልዩነት ያስፈልጋል። ይህ ሊሆን ስለማይችል ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል ወይም ይጠፋል። መካከለኛ ጥራት ያለው ፓስታ ከተቀባ ግን ልዩነቱ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ያው ፓስታ «ይብዛለት» ተብሎ ግማሽ ሚሊሜትር ቢወፍር ወደ 17 ዲግሪ ይመለሳል። የአንድ እጅ ልምድ ልዩነት እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል።

በአዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማይተናነስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የላፕቶፑ ፋን በሰከንድ የሚያሳልፈው የአየር መጠን በይዘት ያው ቢሆንም በክብደት ሩብ ያህል ይቀንሳል። በመሆኑም በባሕር ዳርቻ በ9 ዲግሪ ሞቆ የሚወጣው አየር እዚህ በ12 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። አቧራ የሞላው ፋን ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ፋን ማጽዳትና ፓስታ መቀየር በእኛ ሁኔታ ተገቢ ጥገና ነው። በጥንቃቄ ከተሠራ የሚለወጥ እንጂ የሚጠፋ ነገር የለውም፤ ፓስታው ተጠርጎ እንደገና ይቀባል። ዴል፣ ኤች ፒና ሌኖቮ የብዙ ሞዴሎቻቸውን የጥገና መመሪያ ለማንኛውም ሰው በነጻ ይለቃሉ። ዋስትናው በሥራ ላይ ሳለ ይህን ዓይነት ጥገና የሚያሠራ ሰው የሚገባበት አደጋ ትንሽ ነው።

ምድጃ ላይ የተጣደው ማዘርቦርድ

የሚከተለው ግን ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ስክሪኑ ጨልሞ የቀረ ላፕቶፕ ሲመጣ አንዳንድ ጠጋኞች የግራፊክስ ቺፑን በሞቀ አየር ያሞቁታል። ላፕቶፑ ይበራል። ባለንብረቱ ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብልሽቱ ይመለሳል።

ነገሩን ለመረዳት ቺፑ ከቦርዱ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ማወቅ ያስፈልጋል። በቺፑ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ የስታኞ እንክብሎች አሉ። ከዚህም ሌላ በቺፑ ማሸጊያ ውስጥ፣ በሲሊኮኑና በተቀመጠበት ሰሌዳ መካከል፣ ከእነዚያ እጅግ ያነሱ ሌሎች የስታኞ ነጥቦች አሉ። ሲሊኮን በሙቀት የሚለጠጠው በጣም ጥቂት ነው፤ ሰሌዳው ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። በ60 ዲግሪ ልዩነት 10 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሲሊኮን 1.6 ማይክሮሜትር ያህል ሲረዝም ሰሌዳው 9 ማይክሮሜትር ይረዝማል። ኮምፒውተሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በመካከል ያሉት ነጥቦች ይጎተታሉ፤ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ ሁሉ እነርሱም ቀስ በቀስ ይሰነጠቃሉ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በላፕቶፖች ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ የግራፊክስ ቺፖቹ በማሸጊያው ቁስ ድክመት ምክንያት ከሚጠበቀው በላይ እየተበላሹ መሆኑን ገልጾ ለዋስትናና ለጥገና ወጪ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታወቀ። ዴልና ኤች ፒም ችግሩ ለነካቸው ሞዴሎች ዋስትናቸውን አራዘሙ። ጉድለቱ የነበረው በማሸጊያው ውስጥ ስለሆነ ቺፑን ማሞቅ የተሰነጠቀውን ለጊዜው ያነካካው እንደሆን እንጂ አያድነውም ነበር።

እዚህ ላይ የዋስትናው ጉዳይ ግልጽ ይሆናል። ላፕቶፑን ሳያስነካ የጠበቀ ሰው ማዘርቦርድ በነጻ የመቀየር መብት ተራዝሞለታል። ያሞቀው ሰውስ? ከእርሳስ ነጻ የሆነው ስታኞ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቀድሞው እርሳስ ያለበት ስታኞ ደግሞ በ183 ዲግሪ። ወደዚያ ለመድረስ የሚነፋው አየር ብዙውን ጊዜ ከ300 ዲግሪ በላይ ነው። ቦርዱ በአንድ ቦታ ብቻ ሲግል ይጣመማል፤ በአካባቢው ያሉ ፕላስቲኮች ይለወጣሉ፤ ፍላክስ ይፈስሳል። ቦርዱን ያየ ባለሙያ እንደተሞቀ ወዲያው ያውቃል። ቀድሞ የነበረው ስንጥቅ ከማሞቂያው በኋላ በመጀመሪያ መልኩ ስለማይገኝ ግን ጉድለቱ የፋብሪካ መሆኑን ማስረዳት አይቻልም። ከላይ የጠቀስነው ዱካ አጥፊ ጥገና ይህ ነው። ተገቢው መሣሪያ ያላቸውና ቺፑን በአዲስ የሚቀይሩ ጎበዝ ጠጋኞች በከተማችን አሉ፤ እነርሱን ከማሞቂያ ብቻ ካለው ጋር መደባለቅ ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም ዋስትናው ያላለቀ ማዘርቦርድ ለማንኛቸውም ቢሆን የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን አይገባውም።

ባትሪው

50 ዋት ሰዓት የሚይዝ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ 180,000 ጁል ጉልበት አለ። አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ከ18 ሜትር በላይ ሊያነሣ የሚችል ጉልበት ነው። ይህን ጉልበት በሥርዓት የሚጠብቀው በሴሎቹ አጠገብ ያለው ትንሽ ሰርኪዩት ሲሆን፣ አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት አካባቢ እንዳያልፍ ይቆጣጠራል። በየሱቁ «ሴል መቀየር» የሚባለው ሥራ አሮጌውንና አዲሱን ሴል ሲያደባልቅ ወይም ያንን ሰርኪዩት ሲዘል ውጤቱ እሳት ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ መቀጠል የሌለበት ባትሪ ነው፤ በካቻቢቴ መንቀል አይገባም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ዴል ሶኒ የሠራቸውን ሴሎች የያዙ 4.1 ሚሊዮን የላፕቶፕ ባትሪዎች ጠራ፤ በዚያው ወር አፕል 1.8 ሚሊዮን ያህል ጠራ። መንስኤው በሥራ ጊዜ ወደ ሴሉ የገቡ ጥቃቅን የብረት ብናኞች ነበሩ። ባለንብረቶቹ በባትሪው ላይ ያለውን ቁጥር አመሳክረው ምትክ በነጻ ወስደዋል። ማሸጊያውን አስከፍቶ ሴሎቹን ያስቀየረ ሰው ግን የሚያቀርበው ባትሪ የአምራቹ አይደለም።

ከባሕር ማዶ የመጣው ላፕቶፕ

እስከ አሁን የተናገርነው ዋስትናው በእጃችን እንዳለ አድርገን ነው። በእኛ አገር ግን ላፕቶፖች ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ ይመጣሉ፤ ብዙዎቹም ያገለገሉ ናቸው። የአንዳንዱ ዋስትና ለተሸጠበት አገር ብቻ ነው፤ የሌላው ዓለም አቀፍ ሆኖ በአገር ውስጥ የተፈቀደለት ማእከል ይጠይቃል። ጊዜው የሚቆጠረው ደግሞ ተማሪው ከተቀበለበት ሳይሆን መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። በአብዛኞቹ አምራቾች ድረ ገጽ ላይ በላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን መለያ ቁጥር አስገብቶ የዋስትናውን ማብቂያ ቀን ማየት ይቻላል። ብሎን ከመፈታቱ በፊት ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሊቀድም ይገባዋል። ዋስትናው ካለቀ ወይም እዚህ የማይሠራ ከሆነ «ዋስትናዬ ይጠፋል» ብሎ መፍራት የሌለ ነገርን መጠበቅ ነው፤ ያኔ የሚቀረው ጥያቄ የጠጋኙ ችሎታ ብቻ ይሆናል። የሱቁ የራሱ ዋስትና ቢኖር እንኳ በቃል የተሰጠ ዋስትና ሲካድ ማስረጃ የለውም፤ ቀኑና የሚሸፍነው ነገር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። በገበያው «ያልተፈታ» የሚባለው ቃልም እንዲሁ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

ዋስትናው ካለ ደግሞ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የብልሽቱ ዓይነት ነው። ማዘርቦርድ፣ ስክሪንና ባትሪ ወደ ተፈቀደለት ማእከል፤ አቧራና ፓስታ ወደ ታመነ ጠጋኝ። በሁለቱም ቦታ ፋይሎቹ አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው፤ ዋስትና ዕቃውን እንጂ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ አይሸፍንምና፣ ማእከሉም ሃርድ ዲስኩን አጥፍቶ ሊመልስ ይችላልና። ወደ ጠጋኝ የሚሄድ እንደሆነ ከመፈታቱ በፊት የውስጡና የውጭው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የተቀየረው ክፍል ምን እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የወጣውም አሮጌ ክፍል ለባለንብረቱ ይመለስለት። ጠጋኞች ብዙውን ጊዜ አሮጌውን ያስቀራሉ፤ ለሌላ ሥራ ይጠቅማቸዋል። በኋላ ከአምራቹ ወይም ከሻጩ ጋር ክርክር ቢነሣ ግን መጀመሪያ የተበላሸው የቱ እንደነበር የሚያሳየው ያ አሮጌ ክፍል ነው።